ከጸበሉ ማግስት

ሕመምተኛ ቤት ገብቶ መጸለይ ለካህን እንግዳ ሥራ አይደለም። መጽሐፉ አለ፣ መስቀሉ አለ፣ ጸበሉ አለ፤ ሥርዓቱንም ከአባቶቻችን ተቀብለነዋል። ከባዱ ሥራ የሚመጣው ጸሎቱ አልቆ፣ ቤተሰቡ መስቀል ተሳልሞ፣ እኔም ደጁን ከወጣሁ በኋላ ነው። ሕመምተኛው ነገ ጠዋት ምን ይቀምሳል? መድኃኒቱን ይውጣል ወይስ ይተዋል? የሐኪም ቀጠሮው መቼ ነው? ማን ይዞት ይሄዳል? በተክለ ሃይማኖት ሰፈር በንስሐ አባትነት ሳገለግል ከሁሉ በላይ የተማርኩት ይህን ነው፤ የፈውስ አገልግሎታችን የሚመዘነው በማግስቱ ነው።

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከደብረ አሚን ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ነው። በአንድ ወገን መርካቶ፣ በሌላው ልደታ አለ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በእግር የሚደረስ ነው፤ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልም ሩቅ አይደለም። በየወሩ በ24፣ በጻድቁ በዓል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ከሚሞላው ሕዝብ መካከል ታዲያ የሰፈሩ ሰው ብቻ አይገኝም። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከባሌ ሪፈር ተጽፎለት የመጣ፣ የምርመራ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር የያዘ ሕመምተኛም አለ።

ሕመምተኞች ለጻድቁ ልዩ ፍቅር አላቸው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሸዋ የተነሡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ ገድላቸው እንደሚተርከው፣ እግራቸው እስኪሰበር ድረስ ቆመው የጸለዩ አባት ናቸው። የተሰበረው እግር በሥዕላቸው ላይ ይታያል፤ ጥር 24 ቀንም ስባረ አጽማቸው ይታሰባል። በስኳር ሕመም እግራቸው የተቆረጠ አንዲት እናት ያን ሥዕል ከራስጌያቸው ሰቅለውታል። «እሳቸው ያውቁታል» ይሉኛል፣ ሌላ ማብራሪያ ሳይጨምሩ። ሕመም ያልደረሰበት አካል ይዞ ለታመመ ሰው መስበክ ምን ያህል እንደሚያስቸግር እኚህን እናት በጠየቅኩ ቁጥር አስባለሁ።

ስለዚህ ሕመምተኛ ቤት ስገባ መጽሐፍ ለመግለጥ አልቸኩልም። እቀመጣለሁ። መስኮቱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? አጠገቡ ያለው ሳህን ተነክቷል? የመድኃኒቱ ከረጢት የት ነው የተሰቀለው? ሕመምተኛውን «ምን ይሰማሃል?» ስለው የሚመልስልኝ እሱ ነው ወይስ ሚስቱ? ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ቤተሰቡ ቡና እንዲያፈሉ ወይም ለጥቂት ጊዜ ወጣ እንዲሉ እለምናለሁ። የንስሐ አባት ከልጁ ጋር ብቻውን የመቀመጥ መብት አለው፤ ይህ መብት ለሕመምተኛ ትልቅ ነገር ነው። በሰው ፊት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ሲል የቆየ ሰው ብቻችንን ስንሆን ሌላ ነገር ይነግረኛል። አንዱ ለሕክምና የተበደረውን ገንዘብ ሚስቱ አታውቅም። ሌላው ከወንድሙ ጋር በውርስ ተጣልቶ ዓመታት አልፈዋል፣ ሳይታረቅ መሞትን ይፈራል። ሌላዋ ልጆቿን ማን እንደሚያሳድግላት እያሰበች እንቅልፍ አጥታለች። የሰማሁት በምሥጢር ይጠበቃል። ነገር ግን የማግስቱ ሥራዬን ያወቅኩት ከዚያ ነው፤ በሕመምተኛው ፈቃድ ወንድሙ ዘንድ ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ።

የመድኃኒት ነገር ለብቻው መነገር አለበት። የሚጥል በሽታ ያለበት አንድ ወጣት ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። በሃይላንድ የመጣ ጸበል ከልጁ ራስጌ አለ፤ የክኒኑ ከረጢት ግን አይታይም።

«ክኒኑስ?» አልኳቸው እናቱን።

«ይፍቱኝ አባቴ፣ ጸበል ከጀመረ ወዲህ ትተነዋል።»

«ማን ተዉ አላችሁ?»

«ማንም። እምነታችን እንዳይጎድል ብለን ነው እንጂ።»

ከቁም ሣጥኑ አስወጥቼ ክኒኑን በእጄ ያዝኩ። በመስቀል ባረክሁት፤ ልጁም በዚያው በጸበሉ እንዲውጠው አደረግሁ። ከዚያ በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያው እንዲወስዱትና መቋረጡን ለሐኪሙ እንዲነግሩ አደራ አልኳቸው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሕመሙ ሳያቋርጥ ደጋግሞ ሊጥልና ለሕይወት ሊያሰጋ እንደሚችል ሐኪሞች አስተምረውኛል። እናቲቱ ግን ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ ይልቅ ያመኑት ክኒኑ በካህን እጅ መባረኩን ነው። ከልጃቸው መድኃኒት የለያቸው ለእግዚአብሔር የነበራቸው ፍርሃት ነበር፤ ስለዚህ ፍርሃቱን ማንሣት የካህን ድርሻ ሆነ።

ጸበልና መድኃኒትን ማጣላት የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑንም ይመሰክራል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ እንጦጦ ላይ ጸበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ያለባቸው ይመስላቸው ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ አስተማሩ። የፓትርያርክ ቃል ግን በየቤቱ የሚገባው በንስሐ አባት በኩል ነው። እኔ በየጓዳው ካልደገምኩት፣ በአደባባይ የተነገረው በአደባባይ ይቀራል።

ዝርዝሩ ብዙ ነው፤ ካህን ዝርዝሩን ማወቅ አለበት። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይፈጃል። ሳሉ ግን ከዚያ በፊት ይተዋል፤ ሕመምተኛውም «ጸበሉ አድኖኛል» ብሎ መድኃኒቱን ይጥላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጄ የምስጋና ዝክሩን ስድስተኛው ወር ሲያልቅ እንዲያደርግ እነግረዋለሁ። ኩላሊቱ ታሞ እጥበት ላይ ያለ ሰው የሚጠጣው ፈሳሽ በልክ ነው፤ ስለዚህ አንድ ማንኪያ ጸበል እሰጠዋለሁ። በረከት በሊትር አይለካም። ልቡ የደከመ አዛውንት በውርጭ ማለዳ ከቀዝቃዛ ውኃ ሥር መቆም የለበትም፤ ጸበሉን በቤቱ፣ በመርጨት ያገኘዋል።

ጾምም እንዲሁ ነው። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን የሚጾም ሕዝብ ውስጥ መታመም የራሱ ጭንቀት አለው። ኢንሱሊን የሚወጉ እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው ደጀ ሰላም ላይ ሲወድቁ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ፍትሐ ነገሥቱ ሕመምተኛን ከጾም ሕግ ያቀለዋል፤ ነገር ግን ምእመኑ ራሱን መፍታት ይፈራል። «ልጄ፣ እኔ ፈትቼሻለሁ፤ በጾሙ ፋንታ ምጽዋት ጨምሪ» የሚለውን ቃል ከካህን አፍ መስማት ይፈልጋል። ጾም በገባ ቁጥር መድኃኒት የሚወስዱ ንስሐ ልጆቼን አስቀድሜ የማናግረው ለዚህ ነው። ጠይቀው እስኪመጡ ብጠብቅ፣ የሚበዙት ሳይጠይቁ ይጾማሉ። ለቁርባን የሚዘጋጁትም የክኒናቸውን ሰዓት ከሐኪማቸው ጋር ተማክረው እንዲያስተካክሉ አደርጋለሁ፤ ሕመም ማንንም ከሥጋ ወደሙ ማራቅ የለበትም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የአእምሮ ሕመም ነው። ድምፅ የሚሰማው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ቤተሰቡን የሚጠረጥር ወጣት ሲያመጡልኝ ዘመዶቹ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «አባ፣ መንፈስ ነው ወይስ በሽታ?» ይህን ፍርድ ለመስጠት አልቸኩልም። ጸሎቱን አደርሳለሁ፤ ዳዊት እደግማለሁ፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል እንዲታይ እገፋፋለሁ። በአንዳንድ ጸበል ቦታዎች እንዲህ ያሉ ልጆች በሰንሰለት ታስረው፣ ተመትተው፣ ተርበው ይታያሉ። በዚህ ላይ ቃሌ አንድ ነው። ክርስቶስ በመቃብር ሥፍራ በሰንሰለት ይታሰር የነበረውን ሰው ሲፈውስ አላሰረውም፣ አልመታውም። ሰውየው በኋላ የተገኘው ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶ፣ ተቀምጦ ነው። ወደ ቤተሰቡም ላከው። የእኛም አገልግሎት መጨረሻው ልጁ ወደ ቤቱ ተመልሶ ከሰው ጋር ማዕድ መቁረሱ ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ካህን ብቻውን አይችለውም። የቤተ ክርስቲያናችን መተዳደሪያ ደንብ ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ሲታወጅ ሰበካ ጉባኤን በካህናት፣ በምእመናንና በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ላይ ያቆመው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ለምሳሌ የካንሰር የጨረር ሕክምና በሀገሪቱ ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ተራ መጠበቁም ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። ሚስቱን ይዞ ከገጠር የመጣ ገበሬ ጥሪቱ በመኝታ ኪራይ ያልቅበታል። ቅጥሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ስናገኝ ሥራውን እንከፋፈላለን። ከወጣቶቹ አንዱ ሌሊት ተነሥቶ ካርድ ክፍል ይሰለፍለታል። ሌላው ወረቀቱን አንብቦ የትኛው ክፍል የት እንዳለ ያሳየዋል። ደም ሲያስፈልግ ሁለት ሦስቱ ይሄዳሉ። የሰንበቴ እናቶች ስንቅ ይቋጥራሉ፤ ቤት የተረፈው ምእመን ደግሞ ለጥቂት ሌሊት ያሳድራል። ይህን የምንሠራው በትልቅ በጀት አይደለም። ሰንበቴና ማኅበር ድሮም ነዳያንን ሲያበሉ የኖሩ ናቸው፤ እኛ የጨመርነው የሆስፒታሉን በር ማሳየት ብቻ ነው።

አሁን የከበደን ሌላ ነገር ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ልደታም ሰንጋ ተራም በመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ንስሐ ልጆቻችን እንደ ጀሞ፣ ኮዬ ፈጬና ቦሌ አራብሳ ወዳሉ ቦታዎች ሄደዋል። ቀድሞ ግድግዳ ተጋርተው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሲያቃስት ሌላው ይሰማ ነበር፣ እኔም ከቅዳሴ ስወጣ ወሬው ደጀ ሰላም ይጠብቀኝ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የታመመች መበለት መታመሟን የምሰማው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አካባቢ አንድ ሰው እንዲኖረው አድርገናል፤ በየሳምንቱ ይደውላል፣ ይጠይቃል፣ ለእኔ ይነግረኛል። ስልክ መስቀል አያሳልምም፤ ቢሆንም መቼ መሄድ እንዳለብኝ ይነግረኛል።

ሁሉም አይድንም። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። «ጸልዬልህ ትድናለህ» ብዬ ለማንም ቃል አልገባም፤ ያልዳነውንም «እምነትህ ስላነሰ ነው» አልለውም። እንዲህ ያለው ቃል የታመመውን ሰው ሁለተኛ ያደቅቀዋል። ምሥጢረ ቀንዲል ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው፤ መሠረቱም የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ነው። እዚያ ሐዋርያው ለታመመው ካህናትን እንዲጠራ፣ እነሱም ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት ያዝዛል። አንድ ካህን አላለም። የቀንዲሉ ሥርዓትም ሰባት ካህናት፣ ሰባት ጧፍ፣ ሰባት ጸሎት ብሎ ነው የተሠራው። ከዚህ የምረዳው ሕመምተኛ በብዙዎች መከበብ እንዳለበት ነው። ሥጋው ቢድን እሰየው፤ ባይድንም ታርቆ፣ ተናዝዞ፣ ቆርቦ፣ ሰው እጁን ይዞት ይሄዳል። ይህንንም ፈውስ ብዬ እቆጥረዋለሁ።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ምእመናን፣ የንስሐ አባታችሁ ቤታችሁ ሲመጣ ጸበሉን ስታቀርቡ የመድኃኒቱን ከረጢትና የቀጠሮ ካርዱንም አብራችሁ አቅርቡ። ወንድሞቼ ካህናትም፣ መስቀል ካሳለማችሁ በኋላ ለመነሣት አትቸኩሉ፤ ቀጠሮው መቼ እንደሆነና ማን እንደሚወስደው ጠይቁ። የሚወስደው ከሌለ፣ ቅዳሜ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ንገሯቸው። ሰኞ ጠዋት ይደርሳሉ።