የበላኤ ሰብ ሥዕልና የአስፈሪ መጽሔቶች ሽፋን

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ወደ ዘጌ የሚሻገር እንግዳ በቡናው ጥላ ሥር ያለውን መንገድ ወጥቶ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲደርስና ወደ ውስጥ ሲዘልቅ፣ ፊት ለፊት የሚገጥመው የመቅደሱ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል፤ ሥዕሉም የተሣለው በግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። በበሮቹ ላይ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ቆመዋል። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ብዙ ተመልካች መላእክቱን አልፎ አስቀድሞ የሚፈልገው የሰው ሥጋ የሚበላውን በላኤ ሰብን ነው። እኛም ራሳችን እንዲሁ አድርገናል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህን የዐይን ችኮላ ነው። ሠዓሊዎች ችኮላውን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ነጋዴዎችም ያውቁታል። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1923 በቺካጎ ከተማ «ዊርድ ቴልስ» የተባለ፣ ስሙ ሲተረጐም «እንግዳ ታሪኮች» የሚሆን መጽሔት መውጣት ጀመረ። ይህን የመሰሉ መጽሔቶች ውስጣቸው የሚታተመው ከተፈጨ እንጨት በተሠራ ርካሽ ወረቀት ስለ ነበረ፣ በወረቀቱ ስም «ፐልፕ» ተባሉ። ሽፋናቸው ግን በተሻለ ወረቀትና በደማቅ ቀለም ይታተም ነበር፤ በመሸጫው መደርደሪያ ላይ ከሌሎች ጋር ተሽቀዳድሞ የመንገደኛውን ሳንቲም የሚያስመዝዘው ሽፋኑ ነውና። በ1930ዎቹ ዓመታት ብዙዎቹን ሽፋኖች የሠራችው ማርጋሬት ብራንዴጅ የምትሥለው በቀለም ጠመኔ ነበር። ቨርጂል ፊንሌይ የተባለው ሠዓሊ ደግሞ በውስጥ ገጾች ላይ፣ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ነጥቦችን እየደረደረ ጥላንና ብርሃንን ያወጣ ነበር። የእርሱን ሥራ ስንመለከት፣ በብራና ላይ ፊደል ሲለቅም የሚውል ቁም ጸሐፊ ትዝ ይለናል። ያን ያህል ትዕግሥት በዚያ ርካሽ ወረቀት ላይ መፍሰሱ ያሳዝናል።

የዚህ ንግድ ፍጻሜ ለእኛም ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1954 በሚያዝያ ወር የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ንኡስ ኮሚቴ ስለ ወጣቶች ጥፋት በኒው ዮርክ ሲመረምር፣ የአስፈሪ የሥዕል መጽሔቶች አሳታሚ የነበረው ዊልያም ጌንስ ቀርቦ ነበር። ከሽፋኖቹ አንዱ በአንድ እጁ ምሳር፣ በሌላው የተቈረጠ የሴት ራስ የያዘ ሰው ያሳያል። ይህ መልካም ጣዕም ነውን ተብሎ ሲጠየቅ፣ ለአስፈሪ መጽሔት ሽፋን መልካም ነው አለ፤ ራሱ ከፍ ተደርጎ ተይዞ ደሙ ሲንጠባጠብ ቢታይ ኖሮ ግን ጣዕም ያጣ ይሆን ነበር ብሎም አስረዳ። በዚያው ዓመት አሳታሚዎች በተስማሙበት ደንብ «አስፈሪ» የሚለውን ቃል በመጽሔት አርእስት ላይ ማተም ተከለከለ። ለጌንስ መልስ ብዙዎች ስቀውበታል። ለእኛ ግን የሚያስቅ አይመስለንም፤ የትኛው ሠዓሊ ነው አንገትን ሲሥል ደሙ እስከ የት ይውረድ ብሎ የማያስብ?

የእኛም ግድግዳ በደም አይታማም። ዱድያኖስ ቅዱስ ጊዮርጊስን ያሠቃየበት መንኰራኵር፣ ዐመዱ የተበተነበት የይድራስ ተራራ፣ ሄሮድስ ያስፈጃቸው ሕፃናት፣ ሁሉም ሳይሸሸግ የሚሣል ነው። ስለዚህ የእኛ ንጹሕ ነው፣ የእነርሱ ርኩስ ነው ብሎ ነገሩን መዝጋት ፍርደ ገምድልነት ነው። የጌንስ መጽሔቶችም ቢሆኑ፣ ገዳዩ በመጨረሻ ዘግናኝ ቅጣቱን የሚቀበልባቸው ብዙ ታሪኮች ያወጡ ነበር። እንግዲህ የበደለ መቀጣቱ ብቻ ሥዕልን ከሥዕል አይለይም።

ልዩነቱን የሚያሳየን ራሱ በላኤ ሰብ ነው። ከቆጋ ወንዝ እስከ ዘጌ ጫፍ ባለው አገር ታሪኩን የማያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። የቅምር ሰው በላኤ ሰብ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ነፍስ በላ። አንድ ቀን የተጠማ ለምጻም ውኃ ለመነው፤ በብዙ ስም ቢለምነው እምቢ ብሎ፣ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በሞተ ጊዜ 78ቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኙ ውኃ በሌላው ወገን ተመዘነ። እመቤታችን ጥላዋን ብታሳርፍበት ውኃው ደፋና ሰውየው ተማረ።

ሠዓሊያችን በለመደው ሥርዓት ክፉን ሰው በጎን በአንድ ዐይን፣ ደጉን በሙሉ ፊት በሁለት ዐይን ይሥላል። ተመልካቹም ገና ሳይነገረው ወገኑን ይለያል። በላኤ ሰብ ግን ይህን ልማድ ይፈትነዋል፤ የሚድነው እርሱ ነውና። አሜሪካዊው ሽፋን ጭካኔውን አሳይቶ ቅጣቱን ለውስጥ ገጽ ያስቀምጣል፤ የእኛ ሥዕል ጭካኔውን አሳይቶ ከዚያው ጐን ምሕረቱን ያቆማል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ያስደነግጣል ቢሉን፣ ሁለተኛው ነው እንላለን። 78 ሰው የበላ መማሩን ለመቀበል፣ መቀጣቱን ከመቀበል ይልቅ ልብ ይከብደዋል። በዚህም ምክንያት፣ ሕፃናትን ለማስፈራራት ብቻ «በላኤ ሰብ መጣ!» የሚሉ መምህራን የሥዕሉን ግማሽ እየጣሉ እንደሆነ ልንነግራቸው እንወዳለን።

ግማሹን የሚጥሉት መምህራን ብቻ ቢሆኑ ባልከፋ። በባሕር ዳር ለጎብኚዎች ከሚሸጡ ትናንሽ ብራናዎች መካከል፣ በላኤ ሰብ ለብቻው ተሥሎ የሰው ክንድ ሲግጥ አይተናል። ለምጻሙ የለም፤ ሚዛኑም የለም። ይህ እንግዲህ ከግድግዳው ተቈርጦ የወጣ የመጽሔት ሽፋን ነው፤ ቀለሙ የእኛ ቢሆንም ሐሳቡ የመሸጫው መደርደሪያ ነው። ሻጩን ሚዛኑ የት አለ ብንለው፣ «በትንሹ ብራና አይበቃም፤ እንግዶችም የሚወዱት ይኸንን ነው፤ ሚዛን ያለበትን ከፈለጋችሁ ትልቁ አለ» አለን።

ትልቁን ገዛን። ለምጻሙ አለ፤ ሚዛኑም በቀኝ በኩል በጥንቃቄ ተሥሏል። ውኃው ያለበት ወገንም ደፍቷል። ያደፋው ጥላ ግን አልተሣለም።