የውሻው መልስና የሠዓሊው ሸራ

በደሴ መንገድ የተጓዘ ሰው፣ ሾፌሮች ከሚሴ ሲቃረቡ እጃቸውን ከጥሩምባው የማያነሱት ለምን እንደሆነ ያውቃል። ፍየሎቹ ገና የሞተር ድምፅ ሲሰሙ ይበረግጋሉ፤ አህያዋ ግን መሀል አስፋልት ላይ ቆማ ንቅንቅ አትልም፤ ውሻው ደግሞ ጎማውን እየተከተለ ይጮሃል። ምክንያቱን ልጅ ሁሉ ይነግርዎታል። ሦስቱ በአንድ መኪና ተሳፈሩ፤ አህያ ሒሳቧን ከፈለች፣ ፍየል ሳትከፍል አመለጠች፣ ውሻ ከፍሎ መልሱን ተከለከለ።

አዲስ አበባ ተወልዶ ኒውዮርክ የሚሠራው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ ይህን ተረት እ.ኤ.አ. በ2011 «ሒሳብ» በሚል ርዕስ የሥዕል ፊልም አድርጎታል። ፊልሙን ያየ ሁሉ ትዕግሥቱን ያደንቃል። ለመሆኑ ትዕግሥት የሥነ ጥበብ መለኪያ ነውን? ቢሆን ኖሮ ሰፌድ ሰፊዎቻችንን ማን በቀደማቸው!

ቁም ነገሩ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። በስቱዲዮ ወግ ቢሆን ለአንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፎቶ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ በማንሳት ድካሙ ወደ 12 ሥዕል ይቀንሳል፤ ለደቂቃ 720 መሆኑ ነው። ከ1910ሮቹ ጀምሮ የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ተንቀሳቃሹን አካል ብቻ በሴሉሎይድ፣ ማለትም ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ገጽ ላይ እየሳሉ፣ ከማይለወጠው የጀርባ ሥዕል በላይ ያነጥፉት ነበር። የወረቀቱ ጠርዝ ተበስቶ በትንንሽ ችካሎች ላይ ይሰካል፣ ሥዕል ከሥዕል እንዳይዛነፍ። ዕዝራ ግን አንድ ሸራ ይዘረጋል። ይቀባል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በዚያው ላይ እንደገና ይቀባል። እያንዳንዱ ሥዕል ዕድሜው ፎቶ እስኪነሳ ድረስ ብቻ ነው።

እንግዲህ በሴሉሎይድ ቢሆን ፍየሏ ገጿ ሲነሳ ጨርሳ በጠፋች ነበር። ሸራው ላይ ግን ቀለሟ ከሥር ይቀራል። የደቡብ አፍሪካው ዊልያም ኬንትሪጅ ከ1989 ጀምሮ ከሰል እየሳለና እየፋቀ በሠራቸው ፊልሞች የተፋቀው ጥላ እንደሚታይ ሁሉ፣ እዚህም ያለፈው ከሚመጣው ሥር ተኝቷል። ያልተዘጋ ሒሳብን ለሚተርክ ተረት ከዚህ የተሻለ አሠራር አላውቅም። ውሻው የሚጮኸው እኮ ያለፈ ነገር ስላላለፈለት ነው።

ቅሬታም አለኝ። ይህ የአንድ ሰው ጥበብ ነው፤ የተሳሳተ ሥዕል ተመልሶ አይታረምም፣ ሥራውም ለረዳት አይከፋፈልም። ከዚህ በላይ ግን ተረቱ መንገድ ዳር ተወልዶ ጋለሪ መግባቱ ያሳስበኛል። ጄምስ ስቱዋርት ብላክተን በ1906 ከመጀመሪያዎቹ የሥዕል ፊልሞች አንዱን የሠራው በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ነበር። ሁለቱም የከሚሴ ትምህርት ቤቶች የሚያውቋቸው ዕቃዎች ናቸው፤ የጎደለው ከቦታው የማይነቃነቅ አንድ የሞባይል ካሜራ ነው። ተረቱ ንግግር ስለማይሻ፣ በኦሮምኛ የሚማረው ልጅም ሆነ አማርኛ ተናጋሪው ጎረቤቱ እኩል ይስቁበታል። የፍየል አሯሯጥ አልሳል ያለው ሰኞ ባቲ ገበያ ይውረድ።