የዱንጉዛ ቀለምና የዘመኑ ሳሎን

በከተሞቻችን የሳሎንን ዕቃ በየወቅቱ በሚወጣ ቀለም ማዛመድ ልማድ እየሆነ ሄዷል። መጋረጃውም፣ ምንጣፉም፣ የትራሱ ልብስም «የዘንድሮ ቀለም» እየተባለ በአንድነት ይመረጣል። ይኸው ልማድ የጋሞን ሽመና፣ ይልቁንም ዱንጉዛን፣ ወደ ሳሎን አስገብቶታል። መግባቱ የሚያስደስት ነው፤ አገባቡ ግን ሊመረመር ይገባዋል።

በመጀመሪያ የዓመት ቀለም የሚባለው ነገር ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። ፓንቶን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ለየዓመቱ አንድ ቀለም ይሰይማል። ለ2025 የሰየመው ቡናማ ሲሆን ለ2026 የሰየመው ነጭ ነው። ነጭ ለሸማ ለባሽ አገር የአንድ ዓመት ወሬ አይደለም። ቡናማውንም ቢሆን የአርባ ምንጭ ሰው ከሩቅ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ የአባያ ውሃ በደለሉ ምክንያት ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ጎረቤቱ ጫሞ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የነጭ ሣር ሜዳም ስሙን ያገኘው ከነጣው ሣሩ ነው። ወቅቱም ቢሆን የኛ አይደለም። በአርባ ምንጭ ዝናቡ የሚበረታው በሚያዝያና በግንቦት ነውና፣ የፈረንጅ በጋና ክረምት ለዚህ አገር ሳሎን ደንብ ሊሆን አይችልም።

ወደ ዱንጉዛ እንመለስ። ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ፈትል ተሰባጥሮ የሚሸመን ደማቅ ጨርቅ ነው። በተለይ የሚታወቀው በሱሪነቱ ነው። የዶርዜ ሽማግሌ በበዓል ቀን ዱንጉዛ ሱሪውን ለብሶ ሲወጣ፣ አስቀድሞ ዓይናችን የሚያርፈው በላዩ በደረበው ነጭ ጋቢ ላይ ነው። ሦስቱ ቀለሞች ከጋቢው ሥር ብቅ ይላሉ። የነጠላም ሥርዓት ይኸው ነው፤ ሰፊው ነጭ፣ ጠባቡ ጥለት።

የቤት አሳማሪዎች አንድ የተለመደ ምክር አላቸው። ከክፍሉ ቀለም ከመቶ 60 እጁ ገዥ፣ 30 እጁ ረዳት፣ 10 እጁ ደማቅ ይሁን ይላሉ። ምክሩ ከጋቢውና ከጥለቱ ሥርዓት ብዙ አይርቅም። ነገር ግን ሶፋውን፣ መጋረጃውንና ጠረጴዛውን በአንድ ጊዜ ዱንጉዛ የሚያለብስ ሰው፣ 10 የነበረውን 60 አድርጎታል። ክፍሉ ሲጨንቀው ጥፋቱን በቀለሙ ላይ ያላክካል፤ ሌላ ቀለም በወጣ ጊዜም ጨርቁን ያወጣዋል። ጥፋቱ ግን የመጠን እንጂ የቀለም አልነበረም።

የብርሃንም ነገር አለ። የዶርዜ ቤት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ተጎንጉኖ የሚሠራ ነው። ውስጡ ጨለም ያለ፣ በምድጃ ጢስ የጠየመ ስለሆነ፣ ደማቅ ቀይ በዚያ ውስጥ ለዓይን አይከብድም። በቆላው በአርባ ምንጭ ግን በሰፊ መስኮት የሚገባው ፀሐይ ያንኑ ቀይ ያጦዘዋል። ስለዚህ ቀለም መራጩ ከመጽሔቱ በፊት የገዛ መስኮቱን ሊያይ ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች «ቀለም በየጊዜው ቢለወጥ ሸማኔው አዲስ ሥራ ያገኛል» ይላሉ። ክርክሩ ውኃ የሚቋጥር ነው። በበዓል ሰሞን የጥለት ፋሽን መለዋወጡ ከጋሞ ደጋ ወደ ሽሮ ሜዳ ለተሰደዱ ብዙ ሸማኔዎች እንጀራ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ተዘንግቷል። ገዢው የሚፈልገው ቀለሙን ብቻ ከሆነ፣ ያንኑ ቀለም በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ በርካሽ ይሰጠዋል። የጥለት መልክ የታተመበት የውጭ ጨርቅ ገበያችን ውስጥ መግባቱን ሁላችንም እናያለን። ሴቶቹ የፈተሉትን፣ ወንዶቹ ድርና ማጉን አስተካክለው የሸመኑትን ጨርቅ ከታተመው የሚለየው ቀለሙ አይደለም። የሚለየው የፈትሉ ውፍረት፣ ለእጅ የሚሰማው ልስላሴና ሻካራነት፣ የዕድሜው ርዝመት ነው። ዱንጉዛን ለአንድ ወቅት ብቻ የምንገዛ ከሆነ፣ ሸማኔው ከማተሚያ መኪና ጋር በዋጋ እንዲሽቀዳደም ፈርደንበታል፤ በዚህ ሽቅድምድም ደግሞ አያሸንፍም።

እንግዲህ አስተያየቴ ይህ ነው። የሳሎኑን ሰፊ ክፍል፣ ማለት መጋረጃውንና የሶፋውን ልብስ፣ በነጭ ወይም ባረጀ ቀርከሃ መልክ በእጅ የተሸመነ ይሁን፤ ይህም ለብዙ ዓመት ይቆያል። የወቅቱ ቀለም በጥለቱ፣ ወይም በአንድና በሁለት ትራስ ላይ ይግባ። እንዲህ ከሆነ ፋሽን ወዳዱ ፋሽኑን አይነፈግም፤ ሸማኔውም ቀለም በተለወጠ ቁጥር የሚለውጠው ጥቂት ባለቀለም ፈትል ብቻ ይሆናል፤ ዋናው ነጭ ሸማው ከዓመት ዓመት ገዢ ያገኛል።