ፍሪጁ ጤነኛ ነው፣ ዝቅ ያለው ሮቶው ነው

ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ውስጥ በሩ ላይ ውሃና በረዶ የሚሰጥ ፍሪጅ ሲያስቸግር፣ ጠጋኙ ገና ደጃፍ ላይ ሳለ የሚሰማው ቃል ያው ነው፤ «ጋዙ አልቆ ነው መሰለኝ።» የፍሪጅ ጋዝ ግን እንደ ቡታጋዝ ተቃጥሎ አያልቅም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል፤ ከጎደለ አንድ ቦታ ላይ ያፈስሳል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ ሞልቶ የሄደ ሰው ብዙ ሳይቆይ መልሶ ይጠራል። ስለዚህ ነገሩ የገባው ባለሙያ የጋዝ ሲሊንደሩን ከማውረዱ በፊት ፍሪዘሩ ውስጥ ቴርሞሜትር ያስቀምጣል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ካነበበ ጋዙም ኮምፕሬሰሩም ነጻ ወጡ።

ከዚያ ፍሪጁን ትቶ ግቢ ይወጣና ቀና ብሎ ሮቶውን ያያል።

ከቧንቧ የሚያያዘው ፍሪጅ የራሱ ፓምፕ የለውም። በሩ ላይ ያለው መጫኛ ሲነካ ከጀርባ ያለች ትንሽ ቫልቭ በኤሌክትሪክ ትከፈታለች፤ ውሃውን የሚገፋው ግን የመስመሩ ግፊት ብቻ ነው። ብዙዎቹ አምራቾች ቢያንስ 20 ፒኤስአይ፣ ማለትም 1.4 ባር ገደማ ይጠይቃሉ። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር አካባቢ ይሰጣል። ሰበታ ያለ አንድ ግቢ ውስጥ 3 ሜትር የብረት ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ እንግዲህ የሚሰጠው 0.3 ባር ነው። ስሌቱ እዚሁ ያልቃል።

የሚፈለገው 14 ሜትር ወደ አራት ፎቅ ይጠጋል። ሮቶው ጣሪያ ላይ በሆነ የኪራይ ፎቅ፣ ምድር ቤት ያለው ተከራይ በረዶውን በብርጭቆ ሲቀዳ፣ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ያንኑ ሞዴል ገዝቶ ጠብታ የሚቆጥረው ለዚህ ነው። ለማረጋገጥ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ከጀርባ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ ነቅሎ ባልዲ ላይ መልቀቅ ነው። ከቱቦው ውሃ እየፈነጠቀ ወጥቶ፣ በሩ ላይ ግን ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ በ30 ሰከንድ አካባቢ አልሞላ ካለ ተጠርጣሪው ፊልተሩ ነው፤ አውጥቶ በቦታው ባዶውን ክዳን መግጠምና ልዩነቱን ማየት። ቱቦው ራሱ የሚያለቅስ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው ግፊት የምትጨምር ትንሽ ፓምፕ እንጂ አዲስ ቫልቭ አይደለም።

ግፊት ሲያንስ ፍሪጁ ውሃ ሊያፈስስም ይችላል፤ ባለቤቱን ማሳመን የሚከብደው ይሄኔ ነው። ቫልቯን አጥብቆ የሚዘጋት የውሃው የራሱ ጫና ነው። ጫናው ከሌለ በደንብ ስለማትገጥም ሌሊቱን ሙሉ ታንጠባጥባለች፤ ጠዋት የበረዶው ሳጥን አንድ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። ባለቤቱ «ውሃው በዝቶበት ነው» ይላል፤ ያነሰው እንደሆነ ለማስረዳት ሻዩ ቀርቦ እስኪጠጣ ድረስ ማውራት ይጠይቃል።

ነገሩ ያስቆጫል። ገፈርሳ ግድብ ቡራዩ ጥግ ሆኖ አዲስ አበባን ያጠጣል፤ ሱሉልታ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች አሏት፤ ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካም የተተከለው ሰበታ ነው። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ስር ተጠቃልለዋል። ቧንቧው ግን በብዙ ሰፈር ዛሬም በፈረቃ ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ቀድሞ የሚወርደው ዝገትና ደለል ስለሆነ፣ ስድስት ወር ሊያገለግል የተሠራ ፊልተር ቶሎ ይደፈናል። ከፍሪጁ በፊት ርካሹን የደለል ማጣሪያ መግጠም፣ ውሃው እስኪጠራም የፍሪጁን መስመር ዘግቶ መቆየት ብዙ ወጪ ያድናል።

መብራቱም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። ሰፈሩ በአንድ ጊዜ እንጀራ ሲጋግር ቮልቱ ይወርዳል፣ ኮምፕሬሰሩ ያቃስታል፣ ፍሪዘሩ አይቀዘቅዝም። በረዶ መሥሪያው ደግሞ ከዜሮ በታች 9 ወይም 10 ዲግሪ ካልደረሰ ሥራውን አይጀምርም። መብራት ሄዶ ሲመጣ በከፊል የቀለጠው በረዶ ተጣብቆ ይረጋል፤ መጫኛው ሲነካ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይዞርም። ሳጥኑን አውጥቶ መገልበጥ የሚበቃው ጉዳይ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ተብሎ ስንት ብር ተከፍሎበታል!

ከአሜሪካ በኮንቴይነር የመጣው ፍሪጅ የተሠራው ለ115 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካም። በቆዩት ሞዴሎች የውሃ መሙያውን ሰዓት የምትቆጥረው ትንሽ ሞተር የምትዞረው በኸርዙ ልክ ነው። እዚያ 7.5 ሰከንድ ይፈጅ የነበረው ሙሌት በእኛ 50 ኸርዝ 9 ሰከንድ ይሆናል፤ ግፊቱ ጥሩ ከሆነ የበረዶ መሥሪያው ትሪ ሞልቶ ይፈስሳል። ሮቶው ዝቅ ያለበት ቤት አንዱ ጉድለት ሌላውን ሸፍኖለት ይኖራል።

ሱሉልታ ላይ ብርዱም ይጨመርበታል። ከተማዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ፍሪጁ ከዋናው ቤት ውጭ ባለው ማድ ቤት ከተቀመጠና ቴርሞስታቱ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ምግብ የሚቀመጥበት ክፍል ያለ ኮምፕሬሰር እርዳታ ስለሚቀዘቅዝ ኮምፕሬሰሩ ያርፋል፤ ፍሪዘሩም ይሞቃል። በብርድ ወቅት በረዶ ቀረ የሚል ደንበኛ ፍሪጁን ወደ ሳሎን አስገብቶ ይሞክር።

የፊልተሩ ነገር ግን ቀልድ አይፈልግም። ብዙዎቹ የፍሪጅ ፊልተሮች የክሎሪን ጣዕምና ደለል ይቀንሳሉ እንጂ ጀርም አይገድሉም፤ ማቀዝቀዝም ቢሆን ጀርምን ለመግደል አይታመንም። በቦቴ ወይም ካልተመረመረ ጉድጓድ የመጣ ውሃ በፍሪጁ በር ስለወጣ ብቻ ንጹሕ አይሆንም። ስለዚህ አራት ፎቅ የሚጠጋ ከፍታ ያለው ሮቶ ወይም ፓምፕ የሌለው፣ የውሃውንም ምንጭ በእርግጠኝነት የማያውቅ ሰው ከቧንቧ የሚያያዘውን ትቶ በእጅ የሚሞላ ገንዳ ያለውን ይግዛ፤ አፍልቶ ያቀዘቀዘውን ውሃ ይጨምርበት፤ ገንዳውንም በየሳምንቱ ይጠብ። ሱቅ ውስጥ ብር ከመቁጠሩ በፊትም የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሻጩን ይጠይቅ።