ምን ጎደለህ?

በየቤታችን ማታ ማታ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ። ልጁ ከትምህርት ቤት ገብቶ ቦርሳውን ወርውሮ በሩን ዘግቷል። እራት ሲጠራ «አልራበኝም» ብሏል። አባት ዜናውን አቋርጦ ይነሳል፣ በሩን ይከፍታል፣ «ኧረ ለመሆኑ ምን ጎደለህ?» ይለዋል።

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ጥያቄ ዓይነቶች አውርቻለሁና ልናገር፤ ይሄ ጥያቄ አይደለም። ደረሰኝ ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሰርቪስ፣ የአስጠኚ፣ ጫማ፣ ስልክ፣ የስልኩ ካርድ ሳይቀር በውስጡ ተዘርዝሯል። ልጁ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «ምንም»። አባትም ምንም አለመጉደሉን ከልጁ አፍ አረጋግጦ ወደ ዜናው ይመለሳል።

መቼም ቋንቋችን ራሱ ያሳብቅብናል። ሕፃኑ ሲያድግ ሁሉም ነገር «ልኝ» ነው፤ ጥርስ አወጣልኝ፣ ዳዴ አለልኝ፣ አንደኛ ወጣልኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ግን «ጎረመሰብኝ» እንላለን። «ልኝ» በአንድ ሌሊት «ብኝ» ሆነ ማለት ነው። ልጁ እኮ ያው ልጅ ነው። ድምፁ ጎርንኗል፣ ብጉር አውጥቷል፣ ጢሙ ሊያቀመቅም ይታገላል፣ በቃ። እድገቱን እንደ ጥቃት የቆጠርነው እኛ ነን። ሴቷን ደግሞ «ዓይኗ ተገለጠ» ብለን እናማታለን፤ የዓይን መገለጥ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የፍቅር ታሪክ ነው፣ የባላባት ሥርዓት ሒስ ነው እያልን ኖረናል። ልክ ነው፣ ነው። አሁን አሁን ግን ለእኔ የወላጆች መጽሐፍ ሆኖ ይታየኛል። በዛብህ የስለት ልጅ ነው። ስለቱን የተሳሉት ወላጆቹ፣ ሲሸከመው የኖረው ግን እሱ። የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻም ዘር ሲመርጡ፣ ለጋብቻ የጠየቀው ሁሉ እየተመለሰ የልጅቱ ዕድሜ ነጎደ። ከእነዚህ ወላጆች ልጁን የጠላ የለም። ልጁን የጠየቀም የለም።

ስለቱ ዛሬም አልቀረም፤ ዓይነቱ ነው የተለወጠው። «የእኔ ልጅ ዶክተር ነው የሚሆነው» የሚለው ስለት ልጁ ገና ፊደል ሳይለይ ይጀመራል። ከዚያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ስለ ትምህርት ጥራቱ ብዙ ተባለ፣ ተጻፈ። ውጤቱ በወጣበት ምሽት በየሳሎኑ ስለሆነው ግን ማን ጻፈ? ከመቶ ልጆች ዘጠና አምስቱ አላለፉም ከተባለ ጥፋቱ የአንድ ልጅ ስንፍና ብቻ ሊሆን እንደማይችል ሒሳቡ ይናገራል። ብዙ ቤት ውስጥ ግን ልጁ ብቻውን ተከሰሰ፤ የትልልቆቹ ጭንቀት ለጎረቤት ምን ይባላል የሚለው ነበር።

ስንፍና ካነሳን አይቀር የእንቅልፉን ነገር እንየው። ጉርምስና ሲጀምር የሰውነት ሰዓት ይዘገያል። ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን በልጅነቱ ይመነጭበት ከነበረው ሰዓት አምሽቶ ይመነጫል። ልጁ ቶሎ አልተኛም ሲል አውቆ ሳይሆን እንቅልፉ ገና ስላልመጣ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለባቸው ይላል። አሁን የአዲስ አበባን ልጅ አስቡ። ሰርቪሱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በር ላይ ክላክስ ያደርጋል። 11 ሰዓት ተኩል መነሳት ግድ ነው። ዝቅተኛውን 8 ሰዓት እንኳ እንዲያገኝ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ይዞት መሄድ ነበረበት። በዚያ ሰዓት ግን ገና አስጠኚው የሰጠውን ጥያቄ እየሠራ ነው። ቅዳሜ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ሲተኛ የሳምንቱን ዕዳ እየከፈለ ነው፤ እኛ ደግሞ «ተነስ አንተ ሰነፍ!» እያልን ብርድ ልብሱን እንገፋለን።

ስልኩስ? ስልኩ አልጋ ውስጥ መግባት የለበትም፤ እዚህ ላይ ከወላጆች ጋር ነኝ። ግን ሕጉ የቤቱ ሁሉ ይሁን። ስልኩን ትራሱ ሥር ወሽቆ የሚያድር አባት ለልጁ ስለ ስልክ ሲሰብክ ቀልድ ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። የወር አበባ የጀመረች ልጅ የብረት ማዕድን ፍላጎቷ ይጨምራል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ደግሞ ከእህሉ የምናገኘውን ብረት ይቀንሰዋል። ሻዩን ሰዓት ያህል ማዘግየት ምንም ወጪ የለውም። ከዚህ የከበደው የእኛ የሰላምታ ነገር ነው። እንግዳ ገና ከበሩ ሳይገባ «ውይ፣ ምነው እንዲህ ወፈርሽ?» ይላል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይህን ሰምታ ምሳዋን ትተዋለች። እናት ያን ጊዜ አብራ ከምትስቅ፣ «ተዋት፣ እያደገች ነው» ብትል ምን ነበረበት?

«በእኛ ጊዜ ድብርት የሚባል ነገር መች ነበር?» የሚሉ እኩዮች አሉኝ። ከብሔራዊ ውትድርና አፈሳ እየሸሸን ያደግን ሰዎች ይህን ስንል ይገርማል። ነበረ እንጂ! «ሆድ ባሰው» አልነው፣ «ተነካ» አልነው፣ «ዓይን በላው» አልነው፤ አንዳንዱንም ቀበርነውና ዝም አልን። በአፍላ ወጣት ላይ ድብርት ሁልጊዜ እንባ ሆኖ አይመጣም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ብስጭት ሆኖ ነው፤ እኛ «ባለጌ» የምንለው። ሐኪም ምክንያቱን የሚያጣለት የራስ ምታትና የሆድ ቁርጠት ሆኖም ይመጣል። ይወደው የነበረውን ኳስ መተው፣ ከጓደኛ መሸሽ፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ለጤና ባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል። ጸበል የሚወስድም ይውሰድ፤ ከሕክምናው ጋር አይጣላም። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ደግሞ ቀልድ ነው ብሎ ማለፍ የለም። ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ ወይ ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብቻውን ይዞት የነበረውን እንዲያወጣው መንገድ ይከፍትለታል። አዎ ካለ ብቻውን አይተውም፣ ሕክምናውም ለነገ አይባልም። ችግሩ «አማኑኤል» የሚለውን የሆስፒታል ስም ስድብ አድርገነዋል። ልጁ ደግሞ ይህን ስድብ የተማረው ከእኛው አፍ ነው።

እሺ ብለን ክሊኒክ ብንወስደውስ? ሐኪሙ ልጁን እያየ «ምን ያምሃል?» ይላል። እናት ትመልሳለች። «ከመቼ ጀምሮ?» እናት ትመልሳለች። «ትምህርት እንዴት ነው?» አባት ጣልቃ ይገባል። ልጁ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ጫማውን እያየ ተቀምጧል። ሐኪሙ እንደምንም ደፍሮ «እስቲ ለብቻችን እንነጋገር» ሲል፣ ወላጆች ይተያዩና «ከእኛ የሚደብቀው ምን አለ?» ይላሉ። ሊኖር ይችላል። ምናልባትም የመጣው ለእሱ ነው። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ አሥር ደቂቃ እዚያ ይቀመጡ።