ከአያት የሚነሳ ንባብ

በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ላይ ከሁሉ የምወደው የአያትን መነሻ ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው መስመር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለአካባቢው ሰው የንባብ ሰዓትም አመጣለት። መነሻው ላይ የተሳፈረ መቀመጫ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ መቀመጫ ያገኘ ደግሞ መጽሐፍ ለመግለጥ ይመቸዋል።

መሪንና ሲኤምሲን አልፎ ጉርድ ሾላ እስኪደረስ አንድ አጭር ምዕራፍ ያልቃል። መገናኛ ላይ ሰው ሲሞላ መጽሐፉ ይታጠፋል፤ ያነበቡትን ማብላላት የሚጀመረውም ያኔ ነው። አዲስ ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚወለደው ገጹ ከተዘጋ በኋላ ነውና ግፊያው እንኳ ጥቅም አለው።

መስመሩ ራሱ የትምህርት መንገድ ነው፤ በሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ አልፎ ተግባረ ዕድ ያደርሳል። ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ፣ ማታ የሚማር ሠራተኛ፣ ደብተሯ ላይ ግጥም የምትሞክር ወጣት ጎን ለጎን ይቀመጡበታል። ማንም አላዘዛቸውም፤ ክፍያውም የባቡሩ ቲኬት ብቻ ነው። ራሴን ለማሳደግ ጊዜ አጣሁ ለሚል ከተሜ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም፦ ጊዜው መንገድ ላይ አለ፤ መጽሐፍ ይዞ መውጣት ነው።