በክብሪት ቀፎ ውስጥ ያለ ዕጣን

መተማ ዮሐንስ በገባን በመጀመሪያው ዓመት ለገና ዝግጅት ብዬ ጠረጴዛ ላይ ያቆምኳቸው አራት ሻማዎች ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ሙቀቱን አልቻሉትም። ጠዋት ቀጥ ብለው እንደቆሙ ትቻቸው ገበያ ወጣሁ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስመለስ አራቱም ጎብጠው፣ አንዱማ ጫፉ ጠረጴዛውን ሊነካ ደርሶ አገኘኋቸው። ያኔ አምስት ዓመቷ የነበረችው ትልቋ ልጄ ቆማ ብዙ አየቻቸውና «እማዬ፣ እየሰገዱ ነው?» አለችኝ። እኔ ለዚያ ሳምንት ያዘጋጀሁት ትምህርት ስለ ነቢዩ ኢሳይያስ ነበር። «አይደለም፣ ሙቀት ነው» አልኳትና ወደ ኢሳይያስ ተመለስኩ። ያ መልስ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በአራት ሻማ አራት ሳምንት እየቆጠሩ ገናን መጠበቅ የላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች ልማድ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ፣ በቁምስናችን ለልጆች ትምህርተ ክርስቶስ ሳስተምር ከደናግሉ የተማርኩት ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ቶሎ በሚጠልቅበት፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት አገር ብርሃንን እየቆጠሩ መጠበቅ ትርጉሙ ለልጅ ወዲያው ይገባዋል። መተማ ግን በታኅሣሥ ሰሊጡ ተራግፎ ጆንያ ገብቷል፣ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ አለው፣ ቀኑም ይሞቃል። ደግሞም እኛ የግዕዝ ሥርዓት ልጆች ነን፤ ከገና በፊት ጾመ ነቢያት አለን፤ ፋሲካንም ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ ቀን ነው የምናከብረው። የልጆቼ ዓመት እዚሁ አጠገባቸው እያለ የሌላ አገር ክረምት ሻንጣዬ ውስጥ ይዤ መጥቼ ኖሯል።

እዚህ ካቶሊክ የምንባል በጣት የምንቆጠር ቤተሰቦች ነን፤ አንዱን ንግድ፣ አንዱን የመንግሥት ሥራ ያመጣው ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሀገረ ስብከታችን መቀመጫው ባሕር ዳር ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ወጥተን እናስቀድሳለን፣ እንቆርባለን። መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ልጆቹ ቅዳሴ ሳይሰሙ ወራት ያልፋሉ፤ ባለፉት ዓመታት ብዙ ጊዜ ተዘግቷል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰነድ ቤተሰብን የቤት ቤተ ክርስቲያን ይለዋል። አዲስ አበባ ሆኜ ሳነበው አባባሉ ደስ ብሎኝ አልፌው ነበር። አሁን ማታ ማታ የገመድ አልጋ የምንዘረጋበት ግቢ፣ ልጆቼ አቡነ ዘበሰማያትን የተማሩበት፣ መቁጠሪያ የያዙበት፣ ሌላ ቦታ የሌላቸው ቤተ ክርስቲያናቸው ነው።

ከዚያ ገና በኋላ የልጆቹን ትምህርት የማቅድበትን ደብተር ለወጥኩ። ለእያንዳንዱ በዓል አንድ ገጽ እይዛለሁ። በላይኛው ግማሽ ልጆቹ በእጃቸው የሚይዙትን አንድ ነገር፣ ከአሥር ደቂቃ የማያልፍ ታሪክ፣ ለሰው የምናደርገውን አንድ ሥራ እጽፋለሁ። የታችኛው ግማሽ ባዶ ነው፤ የልጆቹ ጥያቄ የሚጻፍበት። ነገሩ ምን ጊዜም ከታሪኩ ይቀድማል። ታሪኩን አስቀድሜ ከተናገርኩ ልጅ ነገሩን ሲይዝ የሚያየው እኔ የነገርኩትን ብቻ ነው። ሶፊያ ካቫሌቲ የምትባል የዕብራይስጥ ሊቅ በ1954 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ለሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ ማስተማር ስትጀምር የያዘችው መንገድም ይኸው ነበር፤ የሚዳሰስ ነገር ታስቀድምና ልጁን በዝምታ ትጠብቀዋለች። ዝምታው ነው የሚከብደው። መምህር የሆነ ሰው ዝም ሲል ሥራ የፈታ ይመስለዋል።

የመስቀል ገጽ ላይ የሰሊጥ ነዶ አለ፤ የፍልሰታ ገጽ ላይ ጧፍ የምንፈትልበት ጥጥ አለ። በእነዚህ ብዙ አልቆይም። የገናው ገጽ ላይ ያለው ዕጣን ነው፤ ከዕጣን የበለጠ አስተማሪ በዚህ ቆላ አላገኘሁም።

የዕጣን ዛፍ በመተማና በቋራ በድንጋያማው ተዳፋት ላይ ይበቅላል፤ ልጣጩ እንደ ስስ ወረቀት ይላቀቃል። ዝናቡ ካበቃ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ያን ጊዜ ዕጣን አውጪዎች ይመጣሉ። ግንዱን በስለታም መፋቂያ ትንሽ ይልጡታል፤ እንደ ወተት ያለ ፈሳሽ ይወጣና በሁለት በሦስት ሳምንት ይደርቃል። የደረቀውን ይለቅሙና ያንኑ ቁስል ጥቂት አስፍተው እንደገና ይከፍቱታል። በአንድ በጋ ይህ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይደጋገማል። ዛፉ ያለ ዕረፍት ሲደማ ዘሩ ይመነምናል፤ የበቀለውንም ችግኝ ከብትና እሳት አያስተርፈውም። ጫካው ውስጥ ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ተተኪው የሚታጣው ለዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምናሸተው ጢስ ከዚህ እንደሚመጣ ልጆቼ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።

ያለፈው ዓመት ዕጣን በመልቀም ሥራ የምትተዳደር ጎረቤቴ አንድ እፍኝ ሰጠችኝ። ሰሌን ዘርግቼ መሐሉ ላይ አፈሰስኩትና ዝም አልኩ። ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው ይለዩት ጀመር፤ ነጩንና ትልልቁን ወደዚህ፣ ቢጫውን ወደዚያ፣ ቅርፊት የተጣበቀበትን ለብቻ። ሁለተኛው ልጄ አንዷን ነክሶ ፊቱን አጨማደደ፤ ጥርሱ ላይ ተጣበቀችበት። ትንሿ አንዱን ፍሬ ወደ ፀሐይ አነሳችና በአንድ ዓይኗ አሻግራ አየችው፤ ብርሃኑ በውስጡ እንደ ማር ሆኖ ጣቷ ላይ ወረደ። ከዚያ ፍም አመጣሁ። ጢሱ ሲነሣ ሦስቱም ያለ ትዕዛዝ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። የሰብአ ሰገልን ታሪክ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ዕጣን ያመጡለት አምላክነቱን ዐውቀው እንደሆነ ሳስረዳ ብዙ ቃል አላስፈለገኝም፤ ሽታውን ከቅዳሴ ያውቁታል።

ትልቋ ሰዎቹ ዕጣኑን ከመተማ ወስደውት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዕጣን ከቀይ ባሕር ወዲህም ወዲያም እንደሚበቅል፣ የመንና ዖማን፣ ሶማሊያና ሱዳንም እንዳለ ነገርኳት። ትንሿ ግን እፍኟን እንደጨበጠች «ዛፉ ያመዋል?» አለች።

የጌታ ቁስል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰባኪ ሁሉ የሚይዘው መንገድ ነው፣ እውነትም ነው። መለስኩት። የልጅቷ ጥያቄ ስለ ዛፉ ነበርና እኔ ወደምፈልገው ቦታ ብጎትተው ጥያቄዋን እቀማት ነበር። «እንጻፈው» አልኳት፤ በባዶው ግማሽ ገጽ ላይ ጻፍነው። እሷ አንዷን የዕጣን ፍሬ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ከትታ ትራሷ ሥር አስቀመጠች።

የበዓሉን ማዕድ ሳስብ ከሥጋው አልጀምርም። ግራ ቀኛችን ሙስሊም ቤተሰቦች አሉ፤ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትንም እኛ አንበላም። ስለዚህ በገጹ ላይ የሚጻፈው ድፎ ዳቦ፣ ፈንዲሻና ቡና ነው። ዳቦው ሲቆረስ የመጀመሪያውን ቁራሽ ልጆቹ ይዘው ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ፤ በኢድ ደግሞ ሳህኑ በተምር ተሞልቶ ይመለሳል። በጥምቀት ከኦርቶዶክስ ጓደኞቻቸው ጋር ታቦት ያጅባሉ። ልጅ በዓሉን ከሰፈሩ ተለይቶ እንዲያከብር ማድረግ ቅጣት ነው ብዬ አምናለሁ።

ቢሆንም መለየቱ አይቀርም። ትልቋ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት «የፈረንጅ ሃይማኖት ነው አሉኝ» ብላ መጣች። ከዚያ በኋላ ነው ለብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል አንድ ገጽ የያዝኩት። ጎጃም፣ ዲቦ የተወለዱ፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ በጎንደር ሊቃውንት መካከል የኖሩ መነኩሴ ነበሩ፤ በ1844 እ.ኤ.አ. በካቶሊኩ ሚሲዮናዊ በአቡነ ያዕቆብ እጅ ካቶሊክ ሆኑ። ችግሩ የታሪኩ መጨረሻ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል እምነታቸውን አልለውጥም ብለው በሰንሰለት እንደታሰሩ ከአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ሲጎተቱ ከርመው በ1855 እ.ኤ.አ. ክረምት ሞቱ። ፓፓ ፒዮስ 11ኛ በ1926 እ.ኤ.አ. ብፁዕ ብለዋቸዋል። እኛ ያለነው ግን ምዕራብ ጎንደር ነው፤ ቋራ የቴዎድሮስ አገር ናት። ልጆቼ ሽለላቸውም ፉከራቸውም የቋራው ካሳ ነው፤ ወንዱ ልጄ ዱላ ይዞ ሲጫወት ሁልጊዜ እሱን ነው የሚሆነው።

ሁለት ዓመት ይህን ገጽ ሳልከፍተው አለፍኩ። ሰንሰለቱን ትቼ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ልናገር አሰብኩ፤ ልጆቹ አድገው ሲያነቡት ግን እናታቸው እንደደበቀቻቸው ያውቃሉ። በመጨረሻ ለሁለቱ ትልልቆች ብቻ ነገርኳቸው። እጃቸው ላይ ያስቀመጥኩት የከብት ማሰሪያ ሰንሰለት ነበር፤ ክብደቱን ይዘው እስኪደክማቸው ቆዩ። ልጄ ፊቱ ተለወጠ። «ታዲያ ቴዎድሮስ ገነት አልገባም?» አለኝ። ያን ማታ ለአፄ ቴዎድሮስም አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። ልጄ በነጋታው ዱላውን ይዞ ቴዎድሮስ ሆነ፤ አልከለከልኩትም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሣ ሰው በመተማ በኩል ጎረፈ። የኩመር መጠለያ ሳይከፈት ብዙዎች ድንበሩ ላይ ፀሐይ ላይ ሰነበቱ። ከካርቱም የመጣች አንዲት ልጅ ከትልቋ ጋር ተላመደች። የካቲት 1 አካባቢ የምትውለውን የቅድስት ጆሴፊን ባኪታን መታሰቢያ ቤታችን ማክበር የጀመርነው በዚያ ምክንያት ነው። ባኪታ ዳርፉር ተወልዳ በልጅነቷ ተሰርቃ የተሸጠች፣ ከድንጋጤዋ የተነሣ የገዛ ስሟን የረሳች ልጅ ናት። ነጋዴዎቹ የሰጧትን ስም የካርቱሟ ልጅ ተርጉማ ነገረችን፤ ዕድለኛ ማለት ነው። ጌቶቿ በሰውነቷ ላይ ያደረሱትን ለታናናሾቹ አልነገርኩም። መተማም በዚያ ዘመን ባሪያ የሚሸጥበት ገበያ እንደነበረ ግን ሁሉም እንዲሰሙ አደረግኩ፤ የምንረግጠው መሬት ነውና።

የዚያ ቀን ነገራችን ስም ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ስሙን፣ የአባቱን፣ የአያቱን እያለ የቻለውን ያህል ይቆጥራል፤ ስመ ክርስትናውንም ይጨምራል። የእኔዎቹ አራተኛው ላይ ቆሙ። የካርቱሟ እንግዳችን ዓይኗን ጨፍና ዘጠኝ ቆጠረች፤ ልጆቼ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጧታል።

ሁዳዴ የሚገባው ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወቅት ነው። ያን ጊዜ ረጅም ትምህርት አላቅድም፤ ሳይነጋ ጥቂት፣ ከመሸ ጥቂት። የስቅለት ዕለት ማታ ግቢያችንን እየዞርን ፍኖተ መስቀልን ደገምን። ለመጨረሻው ማረፊያ ያዘጋጀሁት ንባብ ነበረኝ። ከመክፈቴ በፊት ትንሿ ወደ ቤት ሮጠች፤ የክብሪት ቀፎውን ይዛ ተመለሰች። ስትከፍተው የዕጣኑ ፍሬ በሙቀቱ ለስልሶ ከካርቶኑ ጋር ተጣብቋል። በጥፍሯ ልታላቅቀው ሞከረች፣ አልሆነላትም። ከነቀፎው መስቀሉ ግርጌ አስቀመጠችውና መጥታ እጄን ያዘች። ንባቡን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ጥያቄዋ በገናው ገጽ ላይ እንዳለ ነው። ሰኔ ዝናብ ሲጥል ዛፎቹ ያቆጠቁጣሉ፤ ያን ጊዜ ወደ ተዳፋቱ ወስጄ ቁስሉን በእጇ እንድትዳስሰው ቃል ገብቼላታለሁ።